ጋሽ በራሶን በኢሜይል የገደልኩ ዕለት

እኔ ሰው ገድዬ አላውቅም። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቢላዋውን አቀብዬ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጽጌ በዚህ ስትስቅብኝ ኖራለች። እንግዲህ ይሄ ፈሪ ሰውዬ ነው በጠራራ ፀሐይ፣ ዲላ ከተማ መሃል፣ ያስተማሩትን መምህር የገደለው። በምን ገደልካቸው አትሉኝም? በጌጥ! ምን ያስቃችኋል? እኔ እኮ ያ ሁሉ ጊዜ አልፎ ዛሬም ኢሜይል ልልክ ስል ሦስቴ አማትባለሁ።

ሥራዬ የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው። ከገበያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤቴ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት መጥሪያ፣ የልደት ካርድ አዘጋጃለሁ። ሙሽሮች ገና ከበሩ ሲገቡ "በጽጌረዳ ይሁን በርግብ?" ነው የምላቸው። በርግብ ካሉኝ ጽጌረዳውን መርቄ እጨምርላቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ዲላ ውስጥ የተጋባ ሰው የሠርጉን ካርድ ፈልጎ ቢያወጣ ርግቦቼን ያገኛቸዋል፤ አንዳንዱ ትዳር ፈርሷል፣ ርግቦቹ ግን አሉ። ጌጥ የሌለው ጽሑፍ ሳይ ጨው የሌለው ወጥ እንደቀመሰ ሰው ፊቴ ይኮማተራል። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ጊዜው ኢንተርኔት ዲላ በገባ ሰሞን ነው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ማኪያቶ ይታዘዝ፣ ይጠጣ፣ ስለ ፖለቲካም ትንሽ ይታማ ነበር። በዚህ መሃል የድሮ የክፍል ጓደኞቼ የኢሜይል ቡድን አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቡድኑ አንድ አድራሻ አለው፣ እዚያ የላክኸው ደብዳቤ ለሁሉም ይደርሳል። መሥራቹም አለቃውም ሰለሞን ነው። ሰለሞን ባሕር ዳር የሚኖር ኢንጂነር ሲሆን፣ ተማሪ ሳለን የክፍል አለቃ ሆኖ የረባሽ ስም ይጽፍ ነበር። አመሉ ዛሬም አለቀቀውም።

ከሰለሞን ጋር የተጣላነው በዚሁ በጌጥ ነው። ኢሜይል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፕሌን ቴክስት ይባላል፤ ፊደል ብቻ፣ እርቃኑን የሚሄድ ደብዳቤ ነው። ቀለም የለው፣ ድምቀት የለው፣ ሥዕል የለው። ሌላው ኤችቲኤምኤል ይባላል፤ እሱ ለብሶ፣ ተኩሎ፣ አጊጦ ነው የሚሄደው። የትኛውን እንደምወድ መናገር አያስፈልገኝም። "እንደምን ሰነበታችሁ" ለማለት እንኳ ፊደሎቹን በየቀለማቸው አሰልፌ፣ ዙሪያውን ሐረግ ስዬ ነበር የምልከው።

"ወንድሜ" ብሎ ጻፈልኝ ሰለሞን፣ "ያንተ አበባ ተከፍቶ ሳያልቅ የእኛ መብራት ይጠፋል። እባክህ ፕሌን ቴክስት ላክ።"

"ቅናት ነው" ብዬ መለስኩለት። ቅናት የምትለዋን በብርቱካንማ አደመቅኋት።

ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ያሸነፍኩ መሰለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ! ለካስ ሰውዬው ቡድኑን ሌላ ሥርዓት አስይዞት ኖሯል፦ ማንም የሚልከው ደብዳቤ መጀመሪያ እዚያ ይራገፋል፤ ቀለሙ ይገፈፋል፣ መስመሩ ይነሳል፣ ሥዕሉ ይጣላል፤ ከዚያ ባዶ ፊደሉ ብቻ ለሰው ይታደላል። ይህንንም በማስታወቂያ ለሁላችንም አሳውቋል። እኔ ማስታወቂያውን አላነበብኩትም። ለምን አላነበብክም ብትሉኝ፣ በፕሌን ቴክስት ስለተጻፈ!

አሁን ወደ ጋሽ በራሶ ልምጣ። ሁላችንንም ሒሳብ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን በጠመኔ፣ ግማሹን ጆሯችንን በመጠምዘዝ። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ ቡሌ ደጋው ላይ የሚኖሩት እማማ ሎኮ። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱባቸው እንሰት ፍቀው፣ ቆጮ ሸጠው ወንድማቸውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ልባቸውም ታሟል። ሐኪሙ "ድንገተኛ ክፉ ወሬ እንዳይሰሙ፤ ከሰሙ አይተርፉም" ብሎ አስጠንቅቋል። ጋሽ በራሶ ይህን ስለሚፈሩ፣ አዲስ አበባ ሄደው የሐሞት ጠጠር ሲያስወጡ እንኳ ለእህታቸው "የጡረታ ጉዳይ ላስፈጽም ነው" ብለው ነው የወጡት። ጥሩ ውሸት ነው፤ የጡረታ ጉዳይ የፈለገውን ያህል ቢቆይ ማንም አይጠራጠርም።

ዲላ ግን ጠረጠረች። ሻይ ቤት ውስጥ "ከማደንዘዣው አልነቁም አሉ" ተባለ። ወሬው ገበያ ሲደርስ "እዚያው ሊቀብሯቸው ነው" ሆነ። እኔ በድንጋጤ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። በስንት ልመና አንዲት ነርስ ስልኩን ወስዳ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ጋሼ! ሞቱ ሲባል ሰማሁ እኮ!"

"እኔ አልሰማሁም" አሉ። "ቅዳሜ እመጣለሁ። ለልጆቹ ንገርልኝ።"

ልጆቹ የሚሉት እኛን ነው፤ ራሰ በራውንም፣ ሪህ የያዘውንም።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ይህ ዜና በባዶ ፊደል ይላካል? በስማም! ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ያለኝን ጥበብ ሁሉ አፈሰስኩበት። ከላይ በትልቁ ወሬውን ራሱን ጻፍኩት፦ "ጋሽ በራሶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ በሞት ተለዩን።" ከዚያ መሃሉን በወፍራም ቀይ መስመር ሰረዝኩት። ውሸት ነው ለማለት ነዋ! እሳቸውስ ደብተራችን ላይ ስህተት ሲያገኙ እንዲህ አልነበር የሚሰርዙት? የእሳቸው ተማሪ የሆነ ሁሉ በአንድ እይታ ይገባዋል። ከሥሩ ደግሞ በሥዕል መልክ፣ ጽጌረዳ ዙሪያውን፣ ርግቦች ከላይ፣ "ጋሽ በራሶ ድነዋል! ለምስጋናና ለምሳ ተጠርታችኋል!" የሚል ሠርቼ ለጠፍኩ። ከታች በተራ ፊደል "እሁድ ጠዋት ሁላችሁም ዲላ መኖሪያ ቤታቸው እንድትገኙ። አደራ፣ እንዳትቀሩ" ብዬ ስሜን ጻፍኩና ላክሁት። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

እንግዲህ አስቡት። ቀዩ መስመር ተገፈፈ። ሥዕሉ ተጣለ። ለሰው የደረሰው ምንድን ነው? "ጋሽ በራሶ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ በሞት ተለዩን። እሁድ ጠዋት ሁላችሁም ዲላ መኖሪያ ቤታቸው እንድትገኙ። አደራ፣ እንዳትቀሩ።" ከነስሜ! ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ይሄ ነው።

"እንዴት አንድ ሰው እንኳ ደውሎ አልጠየቀም?" ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ደግሞ! በእኛ አገር ሞት በስልክ ይጠየቃል? ያልሰማ ዘመድ ስልኩን ቢያነሳውስ? መርዶ ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ ተሄዶ፣ የሚነገረው ሰው እህል እንዲቀምስ ተደርጎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ኢሜይሉን ያነበበ ሁሉ እንደ ጨዋ ሰው አፉን ዘጋ፣ ጥቁሩን ለበሰ፣ እሁድን ሳይጠብቅ ወደ ዲላ ተነሳ፤ ዲላ ያለውም ለእድሩ ሹክ አለ። ምነው አንድ ባለጌ በመካከላቸው በተገኘ!

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ተቀምጬ የሠርግ ካርድ እየከረከምኩ ሳለ አንድ ሚኒባስ በሬ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ዘሪሁን ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተማረ፣ ሀዋሳ የሚኖር ጓደኛዬ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ዓይኑ አብጧል። ከኋላው ሌሎችም የክፍላችን ልጆች ወረዱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እኔ ምን አውቃለሁ? ዲላ ያሉት የዘሪሁን እናት ታመው እንደነበር ሰምቻለሁ። ልቤ ስንጥቅ አለ። "ማን ሞተብህ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም፤ ያዘነን ሰው እንደ ፖሊስ አይመረምሩትም። መቀሱን ጥዬ "ወይኔ ወንድሜን!" እያልኩ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እሱም ተጠመጠመብኝ። ተላቀስን።

"እናት ነበሩ እኮ" አልኩት ፋታ ስናገኝ።

"እናትም አባትም" አለኝ። "ለአንተ ባሰብህ። እስከ መጨረሻው አጠገባቸው የነበርክ አንተ ነህ።"

እኔ? የዘሪሁንን እናት ያየኋቸው አንድ ሰሞን በቲማቲም ዋጋ ሲከራከሩ ነው። ግን ሐዘን ሰውን ያዘባርቃል ብዬ አለፍኩት። "በል እንሂድ" ሲሉኝ ሱቁን ዘግቼ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ዘሪሁንን ደረቱን እየደገፍኩ አጽናናሁት።

ሚኒባሱ ወደ እናቱ ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ ጋሽ በራሶ ሰፈር ታጠፈ። ደጃፋቸው ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል። ሴቶች ደረት ይመታሉ።

ያኔ ምድር ከዳችኝ። በስልክ ያናገርኳቸው ሰውዬ! ቅዳሜ እመጣለሁ ያሉኝ! ታዲያ ከዚያ በኋላ ሞቱ ማለት ነው? እኔ ድነዋል ብዬ ርግብ በላክሁ ማግስት? "ጋሼዬ! ምነው እንዲህ አታለሉኝ!" ብዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። ያን ቀን የእኔን ያህል ያለቀሰ የለም። የማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ "ልጅ ነበራቸው እንዴ?" እየተባባሉ ተጠያየቁ።

ቀና ስል የድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። አንዱ ኢሜይሉን አትሞ አምጥቶታል። ዓይኔን ጠራርጌ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ከሥሩ የእኔ ስም አለ። ቀዩ መስመር የለም። ርግቦቼ የሉም።

"ኧረ ጉድ ነው!" ብዬ ብድግ አልኩ። "አልሞቱም! ወገኖቼ፣ ጋሽ በራሶ አልሞቱም! ቀይ መስመር ነበረው! ርግቦች ነበሩበት!"

ዘሪሁን ቀስ ብሎ መጥቶ አቀፈኝና ወደ ሌሎቹ ዞሮ "ነካው" አለ። "ያዙልኝ። ውሃ አምጡ።"

አንድ ባልዲ ውሃ ደፉብኝ። እኔም ስለ ኤችቲኤምኤል ላስረዳ ሞከርኩ። ለመሆኑ ሐዘን ቤት ውስጥ፣ ውሃ ከጸጉራችሁ እየተንጠባጠበ፣ ለእድር ዳኛ ስለ ኤችቲኤምኤል አስረድታችሁ ታውቃላችሁ? "ፊደሉ ሲሄድ ልብሱን አወለቁት!" ባልኩ ቁጥር በኀዘኔታ ይመለከቱኛል። ርግብ ማለቴማ ጭራሽ አባሰው፤ አንዲት አሮጊት አማተቡና "ነፍሳቸው ታይታው ይሆናል" አሉ። ጋቢ አልብሰው ጥግ አስቀመጡኝ።

ደሜን ቀጥ ያደረገው ግን የእድሩ ዳኛ ማጽናኛ ነው። "አይዞህ ልጄ" አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ "ሁሉም በሥርዓቱ እየሄደ ነው። ሽማግሌዎች ወደ ቡሌ ወጥተዋል። ዛሬ እዚያው ያድሩና ነገ ማለዳ እህታቸውን ያረዳሉ።"

እማማ ሎኮ! ልባቸው የታመመው እማማ ሎኮ! እስካሁን ቀልድ ነበር፤ አሁን እውነተኛ ሰው ልገድል ነው። ጋቢውን ጥዬ ከድንኳኑ ወጣሁና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ከኋላዬ "ያዙት! ራሱን እንዳይጎዳ!" እያሉ ይጮኻሉ። እኔን የሚያምን እንደሌለ ገብቶኛል፤ የሚታመነው ማስረጃ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ ነው ያለው።

ጋሽ በራሶ ከስተው፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ከአውቶቡሱ ወረዱ። አየሁና ዳሰስኳቸው። ሞቃት ናቸው።

"ምነው፣ ወንዝ ገብተህ ነው?" አሉኝ ልብሴን እያዩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆመው አዳመጡኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ብነግራችሁ አታምኑም።

"ድንኳኑ ሞልቷል?"

"ሞልቶ መንገድ ዘግቷል።"

ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ ጨርሰው አልደበቁትም። ወዲያው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሎኮስ?" አሉ።

ነገርኳቸው። ሻንጣው ከእጃቸው ወደቀ። "አሳድጋኝ፣ አስተምራኝ፣ አሁን በእኔ ሰበብ ልትሞት ነው" አሉ። አልተቆጡኝም፤ ጆሮዬን እንኳ አልነኩኝም። ምነው በቆነጠጡኝ!

"መጀመሪያ ድንኳኑ ጋ ብቅ ብለው ቢታዩስ?" አልኳቸው።

"እብድ ነህ? ያ ሁሉ ሰው ሲያቅፈኝ ስፌቴ ይፈታል። ያልቅሱ፣ ምንም አይሆኑም። እህቴ ጋ አድርሰኝ።"

የእማማ ሎኮ መንደር ስልክ አይሰማም። እሳቸውን መናኸሪያው ጥግ አስቀምጬ መኪና ስለምን አመሸ፤ የቡሌን መንገድ በጨለማ የሚደፍር አልተገኘም። እህል ሊጭን በማለዳ ባዶውን የሚወጣ አንድ አይሱዙ መኖሩን ሰማሁና ገና ሳይነጋ የሾፌሩ ደጅ ላይ ቆምን። ሾፌሩ ጋሽ በራሶን ሲያይ በመኪናው አንደኛው በር ገብቶ በሌላኛው ወጣ።

"ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ትናንት የእርስዎን የለቅሶ ወንበር ሳመላልስ ነው የዋልኩት!"

"እግዜር ይስጥህ" አሉት ጋሽ በራሶ እየወጡ። "አሁን ደግሞ እኔን አመላልሰኝ።"

መንገዱን ሙሉ ሾፌሩ በዓይኑ ጥግ ይሰልላቸው ነበር። ሲያስሉ ይደነግጣል፣ ዝም ሲሉ ይብሳል። መኪናው ይናጣል፤ እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው "ንዳ!" ይላሉ። ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ፣ ቡሌን እያየናት አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ፀሐይ ወጣች። በእግር ጀመርነው። ጋሽ በራሶ ትንሽ ተራመዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ቀለማቸው ጠፍቷል።

"ይታዘሉ፣ ጀርባዬ ላይ" አልኩ።

"ደፋር! አስተማሪህ ነኝ!" አሉ። ከዚያ ዳገቱን አዩት። ከዚያ ታዘሉ።

ትናንት መሬት ወድቄ ያለቀስኩላቸውን ሰውዬ ዛሬ አዝዬ ሽቅብ እሮጣለሁ። ከብት የሚነዱ ሰዎች ቆመው ያዩናል። ጋሽ በራሶ ጆሮዬ ላይ "ለቅሶ ይሰማሃል?" ይላሉ። አይሰማኝም እላለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ይጠይቃሉ። አለመሰማቱ ይበልጥ አስፈራኝ። እማማ ሎኮ መርዶው ተነግሯቸው፣ አንዴ ሳይጮሁ፣ ክልትው ብለው ቢሆንስ? እግሬ ተሳሰረ፤ እንባዬ ከላቤ ጋር ተቀላቀለ። እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ሴትየዋን ብቻ አትርፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም አልኩት።

ደረስን። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ በራሶን አወረድኳቸውና ገፍቼ ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በእንሰት ቅጠል ላይ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ ተቆልሏል። ሁሉም ላብ በላብ ሆነዋል፤ አንዱ ቀበቶውን ፈትቷል። ጋሽ በራሶ ከኋላዬ ብቅ ሲሉ የጎረሰው ትን አለው፤ ቀበቶውን የፈታው ከነበርጩማው ወደ ኋላ ተገለበጠ። አንዱ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ጌታ ሆይ!" እንዳለ ቀረ።

እማማ ሎኮ ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው አንዲት ትኩስ ቆጮ ይዘዋል። አልጮሁም። ቆጮዋን እንደያዙ መጡና በአንድ እጃቸው የወንድማቸውን ግንባር፣ ጉንጭ፣ አንገት ዳሰሱ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋሽ በራሶም ስፌቴ ሳይሉ አጠገባቸው ዝርፍጥ አሉ።

"ከንጋት ጀምሮ ልንነግራት አፋችንን ስንከፍት 'ቅድሚያ ብሉ' ትላለች" አለ ቀበቶውን የፈታው ሽማግሌ እየተነሳ። "ስንጨርስ ትጨምራለች። የሰው ቤት እህል እንቢ አይባል። ሆዳችን ሊፈነዳ ነው!"

እማማ ሎኮ ሽማግሌውን አላዩትም። ለወንድማቸው በጌዴኦኛ ተናገሩ፤ ዲላ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝና ጌዴኦኛ እሰማለሁ።

"በማለዳ በሬ ላይ ሲቆሙ ፊታቸውን አየሁት" አሉ። "ምን ሊነግሩኝ እንደመጡ አወቅሁ። አፉ የሞላ ሰው መርዶ አይናገርም። እነሱ እየበሉ ሳሉ አንተ አልሞትክም። ስለዚህ በጉድጓድ ቀብሬ ያስቀመጥኩትን ቆጮ ሁሉ አወጣሁት።"

እማማ ሎኮ በእጃቸው የነበረችውን ቆጮ ቆረሱና ወንድማቸውን አጎረሷቸው።

"ብላ" አሏቸው። "የመጨረሻዋ ይቺ ነበረች። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሞተህ ነበር።"